የባቄላ ቅጠል ቀዳዳ እንዴት ይከፈታል?

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያነሳኸው የባቄላ ቅጠል ፎቶ በጣም ያምራል። ቅጠሉ የሚተነፍስበትን ደቃቅ ቀዳዳ ግራና ቀኝ የከበቡት ሁለት ህዋሶች ጠባቂ ህዋሶች ይባላሉ። «ቀዳዳውን የሚከፍተው የጠባቂ ህዋሶቹ ውስጠኛ ግድግዳ መወፈሩ ነው» ያልከው ግን መታረም አለበት። መጽሐፍ ላይም አለ፣ አውቃለሁ። ውፍረቱ ብቻውን አይበቃም።

ዋናው ነገር ህዋሱን እንደ መቀነት የከበቡት የሴሉሎስ (የእጽዋት ህዋስ ግድግዳ የሚሠራበት ነገር) ክሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኮምፒውተር ሞዴል ለመከፈቱ ወሳኞቹ እነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ውሃ ሲገባ ህዋሱ ወደ ጎን እንዳያብጥ ክሮቹ ይይዙታል። ስለዚህ ይረዝማል። ጫፎቹ ከሌላኛው ጠባቂ ህዋስ ጋር ስለተጣበቁ ግን መሄጃ ያጣና ይጎብጣል፤ መሃሉ ይከፈታል።

ለተማሪዎችህ ሁለት ረጃጅም ፊኛ በትንሹ ንፋ። እያንዳንዱን በፕላስተር መቀነት አስታጥቅ። ጎን ለጎን አድርገህ ጫፎቻቸውን አጣብቅ። ከዚያ በደንብ ንፋቸው፤ ቀዳዳው ሲከፈት በዓይናቸው ያዩታል።