«ደህና ነኝ» ማለት ቪዛ አያስጠብቅም

አሜሪካ የሚማሩ ልጆቻችን ከ2025 ወዲህ ተረጋግተው የተማሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ የብዙ ሺህ የውጭ ተማሪዎች ስም ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ውስጥ በድንገት ተዘጋ። ተማሪዎቹ በመንግሥት ላይ ያቀረቡት ክስ ሲበዛ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ መልሰው ከፈቱላቸው። በሜይ አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ መስጠት ቆመ። በጁን ሲቀጥል አመልካቾች የሶሻል ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ተጠየቁ። በጁላይ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ፣ የተማሪውም ጭምር፣ ለአንድ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

ቪዛው የሚያገለግለው ለመግባት ነው። ከገቡ በኋላ ጊዜው ቢያልፍም ትምህርቱን በአግባቡ የቀጠለ ተማሪ ሕጋዊ ነው። ጭንቁ መውጣቱ ላይ ነው። አገር ቤት ደርሶ ለመመለስ እንደገና ቪዛ መጠየቅ አለበት፣ ለማግኘቱ ደግሞ ዋስትና የለውም። ስለዚህ አይሄድም። እናቱ ብትታመምም፣ እህቱ ብትዳርም።

እሁድ ስልክ ይደወላል። ልጁ ካሜራውን ወደ ፊቱ ጠጋ አድርጎ ይይዛል፣ ያልተነጠፈው አልጋ እንዳይታይ። «ደህና ነኝ፣ ትምህርትም ጥሩ ነው» ይላል። ቤተሰብም ይደብቀዋል። አባት ሲሞት «ፈተናውን ይጨርስ» ይባላል። ለሳምንታት «አባዬ ተኝቷል»፣ «ወጣ ብሏል» እየተባለ ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ በሩ ይንኳኳል። ሦስት አራት የሚያውቃቸው ሰዎች ደጅ ቆመዋል። መርዶ ነው።

ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ጎህ ሳይቀድ መጥቶ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ማግኘትም በሰው አገር ትልቅ ነገር ነው። ግን ያ ልጅ ከዚያ በኋላ «ሁሉም ሰላም ነው» ቢባል አያምንም። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቡ ይሰነጠቃል። ቀብር ደርሶ ለመመለስ ዋስትና በሌለበት በዚህ ጊዜ፣ ቢያንስ ሕመሙ በጊዜ ይነገረው እላለሁ። የአባቱን ድምፅ ሰምቶ ይሰናበት።

ገንዘቡም ሌላ ሸክም ነው። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከአገር ቤት የሚላክ ነገር ዶላር ሲሆን የትም አይደርስም። ተማሪው በትምህርት ወቅት ካምፓስ ውስጥ መሥራት የሚፈቀድለት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ከዚያችም ላይ «ትንሽ ላክልን» የሚለው ዘመድ አለ።

ይህን ሁሉ ተሸክመው ብዙዎቹ እርዳታ አይጠይቁም። ካውንስለር (የሥነ ልቦና አማካሪ) ጋ መሄድ ቪዛ የሚያስበላ ይመስላቸዋል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ የገባ ልጅ በየሴሚስተሩ ሙሉ ኮርስ መያዝ አለበት። ለማንም ሳይናገር ኮርስ ድሮፕ ካደረገ፣ ማለትም ከሰረዘ፣ ሕጋዊነቱን ሊያጣ ይችላል። የማውቃት አንዲት ልጅ እንቅልፍ ካጣች ከሳምንታት በኋላ፣ አልጋዋ ላይ ሆና በስልኳ ሁለት ኮርስ ሰረዘች። የዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሲጠራት ነገሩ አልፎ ነበር። ለማስተካከል ወራት ፈጀባት።

ሕጉ ግን መንገድ አለው። ፈቃድ ያለው ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት ደብዳቤ ከጻፈና የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ አስቀድሞ ከፈቀደ፣ ተማሪው በጤና ምክንያት ኮርስ መቀነስ ይችላል። ለጊዜው ሙሉ በሙሉ ማቆምም ይችላል። በአንድ የትምህርት ደረጃ በድምሩ እስከ 12 ወር ይፈቀዳል። ዲፕሬሽንም ሕመም ነው። ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ቢሮ፣ ከዚያ ድሮፕ።

የካምፓስ ካውንስለር ምስጢር ይጠብቃል። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እንደ መውደቁ ካሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር የሰማውን ለሌላ አይናገርም፣ ይዞትም ኢሚግሬሽን ጋ አይሮጥም። ጸሎቱም፣ ዱዓውም፣ የንስሐ አባቱም ይቀጥሉ። ካውንስለሩም ይጨመርበት። ሌሊቱን ቴሌግራም ላይ ወሬ ሲያሳድዱ ከማደር መተኛት፣ ትኩስ ነገር መብላት፣ ከሰው ጋር መቀመጥም ሕክምና ነው። ታኅሣሥ ላይ ካፍቴሪያው ሲዘጋ፣ ዶርሙ ጭር ሲል፣ በአቅራቢያው ያላችሁ ቤተሰቦች አንድ ተማሪ ጥሩ። «ቤቱ ጠባብ ነው» አትበሉ።

ወላጆች ስትደውሉ ከውጤቱ በፊት ስለ እንቅልፉ ጠይቁ። ዝም ካለ አትቸኩሉ፣ ጠብቁት። የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበራትም አዲስ ተማሪ ስትቀበሉ እንጀራ የት እንደሚሸጥ ትነግሩታላችሁ። የኮርሱን ሕግም በዚያው ንገሩት። 988ንም ስልኩ ላይ አስመዝግቡት። ጭንቀት ለበረታበት፣ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው የተዘጋጀ መስመር ነው። ቀንም ሌሊትም በነጻ ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።