ግሉኮስ ስቀሉልኝ ማለት ይቅር

የጅማ ሰዎች ሆይ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ሕመማችሁን ተናገሩ እንጂ መድኃኒቱን አትዘዙ። ከሰቃ፣ ከማና፣ ከደዶ የቡና ገንዘብ ቋጥራችሁ የምትመጡም ስሙ። «ግሉኮስ ስቀሉልኝ፣ ክኒን አያድነኝም፣ ታይፎይድና ታይፈስ ይታይልኝ» እያላችሁ ስትወተውቱ፣ በሩ ላይ ብዙ ሕመምተኛ የተሰለፈበት ሐኪም መከራከሩን ትቶ ይጽፍላችኋል። ገንዘቡም የእናንተ፣ የሚወጋውም ክንድ የእናንተ ነው።

በአንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ በሻይ ማንኪያ 12 ያህል ቢሆን ነው። ሳላይን ደግሞ በሊትር 9 ግራም ጨው ያለው ውሃ ነው፤ ጉልበት አይሰጥም። «ደም ይሞላል» የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ደም ያነሰውን ሰው ደሙን ያቀጥነዋል። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው ለደከመ አባት «በርታ እንዲሉ» ብላችሁ ያሰቀላችሁት ከረጢት ሳንባቸው ውስጥ ውሃ ሞልቶ ትንፋሽ ሊያሳጣቸው ይችላል።

ተቅማጥ ይዞት መጠጣት ለሚችል ሰው መድኃኒቱ ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት ነው። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ በግማሽ ሊትር ከበጠበጣችሁት ጨዉ በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳዋል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉ። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሕፃን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ በቀን አንዴ ለ10 ቀን ስጡ፤ ተቅማጡ ቢቆምም አታቋርጡ። የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ራሱን የሳተ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ መጠጣት ያቃተው ከሆነ ግን በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሕይወት ያተርፋል፤ ያኔ አንዲት ደቂቃ አታባክኑ።

የታይፎይዱ ምርመራ የባሰ ያሳስታችኋል። ቪዳል የሚባለው ጀርሙን አይፈልግም፤ ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚፈልገው። ድሮ ታማችሁ ድናችሁም ሆነ አሁን ወባ ይዟችሁ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። የፀረ እንግዳ አካሉን መጠን «1 ለ 80» የሚል አንድ የውጤት ወረቀት ብቻውን ታይፎይድ አለባችሁ አያሰኝም። የታይፈሱ ምርመራ ጭራሽ በታይፈስ ጀርም አይሠራም፤ የሚሠራው ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ለታይፎይድ ይበልጥ አስተማማኙ የደም ካልቸር፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን ጀርም አሳድጎ የሚለየው ምርመራ ነው፣ ያውም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የተቀዳ። ጊቤ ወንዝ አካባቢ ከርሞ ትኩሳት የያዘው ሰው ቀድሞ ወባ ይመርመር። «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» እያላችሁ ከፋርማሲ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ መግዛት ይቁም፤ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ የምር የምትታመሙ ቀን አያሽላችሁም።

ለጉንፋንም አንቲባዮቲክ አትጠይቁ፤ ቫይረስ አይገድልም። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን አክታ አስመርምሩ።

የተኛ ሕመምተኛ የምታስታምሙ፣ ካኑላው፣ ማለትም በደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ የገባበትን ቦታ በየማለዳው እዩ። ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ካበጠ ወይም ሲነካ ካመመ ነርስ ጥሩ። የሽንት ቱቦ ካለም ከረጢቱ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ወለል አይንካ፤ ቱቦው በቆየ ቁጥር የኢንፌክሽን አደጋው ይጨምራልና «ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

እናንተ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ይህ ጥያቄ ሲመጣ አትቆጡ። ውጤቱ ሕክምናውን የማይለውጥ ከሆነ በየማለዳው ደም አትቅዱ። ሴፍትሪያክሶን የተባለውን በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሕመምተኛ ትኩሳቱ ለቆት፣ ሳያስመልሰው መብላት ከጀመረ፣ በሽታው የሚፈቅድ ከሆነ በዚያው ቀን ወደሚዋጥ መድኃኒት ቀይሩለት፤ ካኑላውንም ንቀሉ።