ጽዋው ሳሎን፣ ባለተራዋ ጓዳ

ማኅበርተኞች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ይህ ነገር ለእናንተ ነው። በየወሩ በ21 የእመቤታችን ጽዋ የተሸፈነበት ዳንቴል ተገልጦ፣ ቄሱ «አቡነ ዘበሰማያት» ሲያስደርሱ ባለተራዋ የት ናት? ጓዳ ናት። እጇ በርበሬ ነው፣ ነጠላዋ ወገቧ ላይ ነው። በመጋረጃው በኩል የሚደርሳት የመጨረሻዋ «አሜን» ብቻ ናት፤ እሷንም የምታዳምጣት ወጡን የምታወጣበትን ሰዓት እንድታውቅ ነው። ለዚህ ቀን ስትለፋ ከርማ ከጸሎቱ አንዲት ቃል ሳትካፈል መዋሏን «ዝክር አወጣች» ትሉታላችሁ።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። ጽዋ በ12 ሰው ሲቆም የሐዋርያትን ቁጥር ለመከተል ብቻ አይደለም። በ12 ሰው ተራው በዓመት አንዴ ይደርሳል፣ የዓመት አንድ ቀን ወጪ ደግሞ ቤት አያናጋም። እናንተ ግን «ይግባ፣ ምን ቸገረን» እያላችሁ 30 አደረሳችሁት። በ30 ሰው ተራው በሁለት ዓመት ተኩል አንዴ ነው። ተራው ሲርቅ ድግሱ ያብጣል፤ ባለፈው ያችኛዋ በግ አርዳ ከነበር ይህችኛዋ ሁለት ታርዳለች፣ ገንዘቡም ከአራጣ ይምጣ ከእቁብ ማንም አይጠይቅም። በቀን ሥራ የምታድር እናት ተራዋ ሲቃረብ «አሞኛል» ብላ ከማኅበሩ ትቀራለች። አላመማትም።

እንግዲህ 12 ሲሞላ ሁለተኛ ጽዋ ክፈቱ፤ አንዱ በ21 ከሆነ ሌላው በ16 ለኪዳነ ምሕረት ይሁን። ድግሱን ደግሞ በመተዳደሪያችሁ ጻፉት፦ አንድ ድፎ፣ ንፍሮ ወይም ቆሎ፣ ጠላ። ለ12 ማኅበርተኛና ለጥቂት እንግዳ የ5 ኪሎ ዱቄት ድፎ በቂ ነው፣ ለተመላሽ ቁራሽም ይተርፋል። ወጥ የሚባል ነገር ግን ይቅር። ድፎው በዋዜማው ተቦክቶ ኩፍ ይላል፣ በማለዳ በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል፣ አለቀ። ጠላውም ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ጌሾው ከተጠነሰሰ ሳምንት አልፎታል። ሁለቱም ጸሎት እስኪደርስ ይጠብቃሉ፤ ወጥ ነው ሰው የሚያስጠብቀው። የጥንቶቹ ሴቶች ይህን ሳያውቁት ቀርተው የዝክሩን ማዕድ ዳቦና ጠላ ያደረጉት አይመስለንም። ወጥ ከሌለ የሚቀር ሰው ካለ ይቅር።

ሌላው ቄሱን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በ21 በአንድ ሠፈር ስንት ጽዋ አለ! አባ ከቤት ቤት ሲዞሩ እናንተ ዘንድ የሚደርሱት ሁለት ሰዓት ዘግይተው ነው፣ እስከዚያ የሚወራውን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ 21 ማክሰኞ ቢውል የማክሰኞውን ለማድረስ ቅስና አያስፈልግም። ከመካከላችሁ በቃሏ የምትወጣው እናት አትጠፋም፤ ዝም ያለችው «አድርሺልን» የሚላት ስለጠፋ ነው። ቡራኬው አባን ይጠብቅ፣ ጸሎቱ ግን በሰዓቱ ይጀመር።

«ሴት ማኅበር አትመራም» የምትሉ ሰዎች ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ምን ልታደርጓት ነው? አፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ሲያውጁ አሻፈረኝ ብላ፣ ተግዛና ተሰድዳ፣ በጣና ዙሪያ ማኅበራትን እያቋቋመች መርታለች፤ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1642 ነው። ሩቅ መስሎ ከታያችሁም ወሎ ሂዱና ዱዓ የሚያደርጉትን ሙስሊም እናቶች፣ ዱበርቲዎቹን እዩ። ጀበናውም ዱዓውም በእነሱ እጅ ነው፤ ቡና ማፍላት ከዱዓው አያስወጣም።

ይኸው ልማድ እድሩም ላይ አለ፣ እዚያማ ይብሳል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስብሰባ ሲጠራ ወንዶች ድንኳኑ ውስጥ፣ ሴቶች ከድንኳኑ ኋላ ሽንኩርት ላይ ናቸው። መዝገቡ ላይ የባል ስም ብቻ ሰፍሯል። ባል ሲሞት ሚስት ገና ከሐዘን ሳትነሣ «ስም አዙሪ» ትባላለች፤ የወር መዋጮውን ከጉሊቷ እያወጣች ስትከፍል የኖረችው ግን እሷ ናት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርገው ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሁለቱን እኩል አድርጓቸዋል፤ የእድራችሁ መዝገብ ግን አሁንም 1952 ላይ ነው። ለማረም አዲስ መዝገብ እንኳ አያስፈልግም፤ ከባል ስም ጎን መስመር አስምራችሁ የሚስትን ስም ጻፉ፣ ደረሰኙን በሁለቱም ስም ቁረጡ፣ ድምፅ ሲቆጠር ሁለቱም እጅ ያውጡ። አንዱ ሲሞት ሌላው እንደገና መመዝገቢያ እንዳይከፍል በመተዳደሪያው ይግባ። ስብሰባ ባለበት ቀን ምግብ አይኑር፤ ሽንኩርት የምትልጥ ሴት እጅ ልታወጣ አትችልም።

«ሴቶቹ ራሳቸው አይመጡም» ትላላችሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠርታችሁ ነዋ! ልጅ ቁርስ በልቶ፣ ቤት ተጠርጎ፣ ውኃ ተቀድቶ በሚያልቅበት ሰዓት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ላይ ጥሩና ቁጠሩ። ለሚቀጥለው 21 ደግሞ የጽዋ ተረካቢዋን ስም ስትጽፉ ከሥሩ ብርጭቆና ጋን የሚያጥቡ የሁለት ወንዶች ስም አክሉበት፤ ወረቀቱም ጓዳ ሳይሆን ሳሎን ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።