ክርክር፦ አጋዘኗን የተከተለ ታሪክ ያገኛል?

የሃንጋሪው አኒሜተር ማርሴል ያንኮቪች በ2002 «የተአምረኛዋ አጋዘን መዝሙር» የሚል ረጅም የአኒሜሽን ፊልም አወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ የማጃሮችን፣ ማለትም የሃንጋሪዎችን አመጣጥ ይተርካል። ከፍጥረት አፈ ታሪክ ተነስቶ ክርስትናን እስከተቀበሉበት ዘመን ይዘልቃል። እንዲህ ያለ ፊልም ታሪክን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረውበታል።

ደጋፊ፦ ማጃሮች የዛሬዋ ሃንጋሪ ወዳለችበት ወደ ካርፓቲያን ተፋሰስ የገቡት በ895 ገደማ ነው። በሃንጋሪ ምድር የተጻፈው ታዋቂው ዜና መዋዕል «ጌስታ ሁንጋሮሩም» ግን የመጣው 300 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ዘመን በእጅ ያለው በአብዛኛው ተረት፣ ሕልምና ዘፈን ነው። ያንኮቪች ይህንኑ ወስዶ አፈ ታሪክ መሆኑን ሳይደብቅ ሣለው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉለት። የሃንጋሪ ብሔርተኞች ዘመዳችን የሁኖች ንጉሥ አቲላ ነው ማለት ይወዳሉ። በቋንቋ የቅርብ ዘመዶቻቸው ግን በምዕራብ ሳይቤሪያ በኦብ ወንዝ ዙሪያ የሚኖሩት ሐንቲና ማንሲ ናቸው። ያንኮቪች የፍጥረቱን ክፍል የጀመረው ከእነዚህ ዓሣ አጥማጆችና አዳኞች ተረት ነው። እኔ ይህን እንደ ድፍረት ነው የማየው።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ስለ ሐንቲና ማንሲ ያልከውን እቀበላለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ መጋጠሚያው ነው። የአልሞሽ እናት ኤሜሼ በሕልሟ ቱሩል የተባለውን ወፍ አየች ይባላል። እስጢፋኖስ ደግሞ በ1000 መባቻ የነገሠ፣ በሰነድ የሚታወቅ ንጉሥ ነው። ሁለቱም በአንድ እርሳስ፣ በአንድ ቀለም ሲሣሉ ሕፃኑ ተመልካች ተረቱ የት እንዳበቃ በምን ይለያል? አልሞሽ ማጃሮችን መርቶ ወደ ካርፓቲያን ያስገባው የአርፓድ አባት ነው፣ እስጢፋኖስም የአርፓድ ዘር። ወፉ በዚያው የዘር ሐረግ ሰተት ብሎ ታሪክ ውስጥ ይገባል።

ስለ አጋዘኗም እናውራ። አፈ ታሪኩን በ1280ዎቹ የጻፈው የንጉሥ ላስሎ አራተኛ ቄስ፣ የኬዛው ሲሞን ነው። ሁኖርና ማጎር የተባሉ ወንድማማቾች አጋዘኗን እያሳደዱ አዞቭ ባሕር አጠገብ ወዳለ ረግረግ ደረሱ። እሷ ተሰወረች፣ እነሱ እዚያው ሰፈሩ። ከዓመታት በኋላ የሌሎችን ሚስቶችና ልጆች አግኝተው ወሰዱ። ሁኖችና ሃንጋሪዎች የተወለዱት ከእነዚህ ሴቶች ነው ይላል። በእኛ ቋንቋ ይህ ጠለፋ ነው። ሰው ሁሉ አጋዘኗን ያስታውሳል፣ የተጠለፉትን ማን ያስታውሳል?

ሁኖቹስ ለምን ገቡ? በዚያው ምድር ይገዛ የነበረው አቲላ የሞተው በ453 ነው። አርፓድ የመጣው ከ400 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የሲሞን ትረካ የሚጠቅመው «የገባነው የአያቶቻችን ርስት ላይ ነው» ለማለት ነው።

ደጋፊ፦ እህቴ፣ ጠለፋውን በማንሳትሽ ልክ ነሽ፤ ለስለስ ተደርጎ መነገር የለበትም። ግን ተረትን ታሪክ ያስመሰለው አኒሜሽን ነው? በ1894 የተመረቀውን፣ ሠዓሊው አርፓድ ፌስቲ የማጃሮችን አገባብ የሣለበትን ግዙፍ ሥዕል ተመልከቺ። ቁመቱ 15 ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 120 ሜትር ነው፤ ክብ ሆኖ ተመልካቹን መሐል ያስገባዋል። የመሪውን የአርፓድን ፊት በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም። እዚያ ሥዕል ላይ ግን በፈረሱ ላይ ሆኖ፣ ልክ ፎቶ የተነሳ ይመስል ይታያል። የሚያሳስተው እንዲህ ያለው ሥዕል ነው። አኒሜሽን በእጅ የተሠራ መሆኑን በየደቂቃው ይናገራል።

የያንኮቪችን የ1981 ፊልም «የነጯ ፈረስ ልጅ»ንም እይው። ዘንዶዎቹ መጨረሻ ላይ ታንክና ሕንፃ ይሆናሉ። አፈ ታሪኩ ስለራሳችን ዘመን ያወራል።

ተቃዋሚ፦ እሱን ፊልም እወደዋለሁ። የምወደውም «የአንድ ሕዝብ ታሪክ ነኝ» ስለማይል ነው። የአጋዘኗ ፊልም ግን የማጃሮችን መንገድ ከፍጥረት እስከ ቤተ ክርስቲያን ይመራል።

አርፓድ ሲመጣ አገሩ ባዶ አልነበረም። ስላቮች ነበሩ፣ ቀድሞ አገሩን ይገዙ የነበሩት የአቫሮች ቅሪትም ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ሥዕላዊ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ ማጃሮች ለሞራቪያው ገዥ ለስቫቶፕሉክ ነጭ ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ላኩ። በለውጡ አፈር፣ ሣርና ውኃ ተቀበሉ። ከዚያ አገሩን ገዝተነዋል አሉ። ስቫቶፕሉክ ግን በ894 ሞቷል። እኔ የምፈልገው ያንን ፈረስ ከተቀባዮቹ ወገን ሆኖ የሚሥል አኒሜሽን ነው፤ አፈሩን ቆፍሮ የሰጠው ገበሬ ምን እንደመሰለው የሚያሳይ።