ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ክሬዲት አወር ያልተሰጠው አንድ ኮርስ አለ። ሌክቸረር የለውም። ሃንድአውትም የለውም። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ በየዶርሙ ኮሪደር ይሰጣል። ስልክ ይጠራል። ልጁ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ድምፁን ያወፍራል። “ሄሎ እማዬ! አለሁልሽ! ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ!” ሆዱ ከሥር ሌላ ነገር እያወራ ነው። ደግነቱ ኔትወርኩ ያን ያህል ጥራት የለውም።

ከቤቱ ርቆ የሚማር ልጅ ሁሉ ሁለት ሕይወት አለው። አንዱን ይኖረዋል፣ ሌላውን ለቤተሰቡ ይተርከዋል። የሚተረከው በጣም ያምራል። እዚያኛው ውስጥ ሽሮው ወፍራም ነው። ውሃ አይጠፋም። ልጁ በጊዜ ይተኛል፣ በጊዜ ይነሳል፣ ላይብረሪ ውስጥ የታወቀ ወንበር አለው። ያንን ልጅ አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኛል። ጓደኛዬ የሚሆን ግን አይመስለኝም። ትንሽ ይከብዳል።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያደግሁት። ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካ የታወቀችው ወዳ አይደለም። ምደባ ሲወጣ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ደረሰችኝ። ስሟን አልጠራም፤ የዶርም ተቆጣጣሪው ፕሮክተራችን ማንበብ ይወዳል። “እዚያ አገር ይሞቃል አሉ” ብዬ ለእናቴ ብነግራት “የሰው አገር ሙቀት አይታመንም” ብላ ጋቢ፣ ሁለት ሹራብና አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ሻንጣዬ ውስጥ ጠቀጠቀችልኝ። አንሶላ እንኳ የሚከብድበት አገር ነው። እስከ ዛሬ “ጋቢውን ትለብሳለህ?” ትለኛለች። “ኧረ ከላዬ ላይ አይወርድም!” እላታለሁ። ይሄ ውሸት አይባልም። እኔ የምተኛው ታችኛው አልጋ ላይ ነው፤ ጋቢው ከላይኛው አልጋ ተንጠልጥሎ መጋረጃ ሆኖኛል።

የማታው ስልክ የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ እሱ ብቻውን የካርዱን ግማሽ ይጨርሳል። ቀጥሎ “በላህ?” ይመጣል። “በላሁ” ማለት ቀላል ነው፣ ማንም ይችለዋል። አደጋው ያለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። “ምን በላህ?”

የዶርሜ ልጅ አንድ ማታ ይህን ሲጠየቅ በሙሉ ልብ “ሥጋ ወጥ” አለ። ከወዲያ በኩል ዝም። ከዚያ በቀስታ፣ “ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ ልጄ?” ልጁ ላብ በላብ ሆነ። እናቱን ላለማስጨነቅ ብሎ ጾም ገደፈ። “ምስር ለማለት ነው እማ። ምስሩ እኮ ራሱ ሥጋ ሥጋ ይላል።” ከዚያን ቀን ወዲህ በራችን ጀርባ የአጽዋማት ካላንደር ለጥፈናል። የግቢ ጉባኤ ልጆች ሊጠይቁን ሲመጡ እሱን አይተው በጣም ያመሰግኑናል።

ስለ ግቢ ሽሮ ብዙ ተቀልዷል፤ እኔ አልጨምርበትም። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል ግን፣ ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ በጀት ለረጅም ጊዜ 15 ብር ነበር፣ ኋላ 22 ብር ሆነ፣ በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ አለ። እስቲ ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት አካፍሉት። ከዚያ ላይ ማገዶውን ቀንሱ። ወጥ ቤት ያሉት እናቶች ተአምር እየሠሩ ነው። ደግሞም በነፃ አይደለም። ከ1996 ጀምሮ ኮስት ሼሪንግ የሚባል ነገር አለ። ተመርቀን ሥራ ስንይዝ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ 15 በመቶ እንከፍላለን ብለን እንፈርማለን። ስለዚህ ሽሮው በዱቤ ነው። ሌላው ሰው ተበድሮ ቤት ይሠራል፣ መኪና ይገዛል። እኔ ተበድሬ ሽሮ በላሁ።

ድምፅ ሌላው ጣጣ ነው። የቅዳሜ ማታ ስልክ በተለይ ክፉ ነው፤ ሁላችንም ላውንጅ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረን ኳስ እያየን ነዋ። አንዱ የእናቱ ስልክ ሲጠራበት ስልኩን በእጁ ሸፍኖ “ሹ… እማዬ፣ ላይብረሪ ነኝ” አለ። ልክ ያኔ ጎል ገባ። ቤቱ ተናወጠ፣ ወንበር ተገለበጠ።

“ምንድነው ጩኸቱ?”

“ግሩፕ ዲስከሽን ነው። አንድ ልጅ ጥያቄ መልሶ ነው።”

“ጎበዝ መሆን አለበት” አሉ እናትየው። “ከሱ ጋ አጥና።”

አባቶች ግን ሌላ ናቸው። አባቴ ስልክ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር አለው። “ብር ደረሰህ?” “ደረሰኝ።” “አንብብ።” “እሺ።” “እናትህ ትፈልግሃለች።” አለቀ። ታላቅ ወንድሜ በተማረበት ዘመን ወሬው ረዘም ይል ነበር አሉ። ገንዘቡ በየትኛው ባንክ እንደገባ፣ ሰልፉ እንዴት እንደነበር፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች ይወራ ነበር። በ2013 ቴሌብር መጣና ያችንም ወሰዳት። አሁን አባቴና እኔን የሚያገናኘን “አንብብ” ብቻ ነው። ጉንፋን ያዘኝ ስለው “አንብብ” ይለኛል። “እዚህ እኮ ይሞቃል አባዬ” ስለው “ማታ አንብብ፣ ይቀዘቅዛል” አለኝ።

የዲፓርትመንቱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ፍሬሽ እያለሁ ችግር አልነበረም። ከ2012 ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ኮርስ ነው፦ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሌላም ሌላም። እናቴ “ሳይኮሎጂ” የምትለዋን ሰምታ ለዕድሩ ሴቶች ሐኪም እንደምሆን አስታወቀች። በዓመቱ ጂኦሎጂ ደረሰኝ።

“ስለ ምን ነው?”

“ስለ መሬት ነው። ስለ ድንጋይ።”

ቆየት አለች። “እዚህ ድንጋይ ጠፍቶ ነው ያን ያህል የሄድከው?”

እውነቷን ነው። ሰሜን ሸዋን በድንጋይ የሚያማ የለም። አሁን ለጎረቤት “ነዳጅ ነው የሚያጠናው” እያለች ነው። ለዕረፍት ስሄድ አንድ ጎረቤታችን ጓሯቸውን ሲያስቆፍሩ ያገኙትን ጥቁር ድንጋይ በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ። በሩን ዘግተው አሳዩኝ። ባዛልት ነው፤ የደብረ ብርሃን ግማሹ አጥር የተሠራበት። “ዋጋ ያወጣል?” አሉኝ በሹክሹክታ። “ለግንብ ይሆናል” አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው እንደ ድሮው አይደለም። እናቴም ተቆጣችኝ። “ትንሽ ልየው፣ ላጥናው ማለት ያቅትሃል?” በ2015 የመውጫ ፈተና መጀመሩን የነገርኳት ቀን ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባት። “ለመግባት ተፈትነህ፣ ለመውጣትም ፈተና? ወህኒ ቤት እንኳ እንዲህ አያደርግ!”

እስካሁን የምዋሸው እኔ ብቻ አስመስዬዋለሁ። የቤቱ ወገን የባሰ ነው።

“እናንተስ እንዴት ናችሁ?” ስላት የእናቴ መልስ አንድ ነው። “እኛ ምን እንሆናለን!” ዝርዝሩን የማገኘው ከሚጡ ነው። ሚጡ ታናሽ እህቴ ናት፣ ሰባተኛ ክፍል። የቤታችን ውስጥ አዋቂ ናት። ክፍያዋ የ10 ብር ካርድ ነው፣ ቅድሚያ። “እማዬ እንዳልነግርህ ብላኛለች፣ ግን…” ብላ ትጀምራለች። ጣራው ማፍሰሱን የሰማሁት ከሷ ነው። የአባዬ ጉልበት ማበጡንም እንዲሁ። ለፋሲካ ሲቀለብ የነበረው በግ ሁዳዴ ሳይጋመስ መሸጡንም ነገረችኝ። በጉ የተሸጠው ሐሙስ ነው። አባቴ “ብር ደረሰህ?” ያለኝ ዓርብ ነው። ሁለቱን ባላገናኛቸው ደስ ባለኝ ነበር። ግን ሎጂክ ላይ ኤ ማይነስ አለኝ።

ሚጡ ለካ ለሌላውም ወገን ትሠራለች። አንድ ቀን ሳላስበው አፈረጠችው።

“ጋቢውን መጋረጃ እንዳደረግከው እማዬ ታውቃለች።”

“ማን ነገራት?”

“እኔ። ፎቶ ልከህልኝ የለ?”

“ታዲያ ለምን በየቀኑ ትጠይቀኛለች?”

“የምትመልሰውን ለመስማት ነዋ! አንተ ስትደውል እኮ ስፒከር ላይ ነው የምታደርግህ። ጎረቤት ሁሉ ቡና ላይ ይሰማሃል። ‘ከላዬ ላይ አይወርድም’ ስትል በጣም ነው የሚስቁት።”

ለካ እኔ እናቴን አጽናናሁ እያልኩ ለአቦል፣ ለቶናና ለበረካ ፕሮግራም እያቀረብኩ ኖሯል።

የማያስቀውም አለ። አያቴ ያረፉት በፈተና ሰሞን ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ፈተና ላይ ላለ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። “አባባ እንዴት ናቸው?” ስላት “ደህና ናቸው፣ አረፍ ብለዋል” ትለኝ ነበር። የዚያን ሰሞን አባቴም ከልማዱ ወጥቶ “አንብብ” ሳይለኝ “በርታ” አለኝ። ሚጡ ካርድ ልኬላትም ወሬ የለኝም አለች። ሚጡ ካርድ ስትመልስ መጠርጠር ነበረብኝ። ለዕረፍት ቤት የገባሁ ዕለት ሁሉም ከልክ በላይ ተንከባከበኝ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ግቢው ውስጥ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ፤ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ጎረቤቶች በራችን ላይ ነበሩ። ሳለቅስ ውዬ ማታ እናቴን “ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት። “ፈተናው እንዴት ነበር?” አለችኝ።

ዘንድሮ ፊት ለፊታችን ያለው ዶርም አንድ ፍሬሽ ገባ። ልጁ ኮርሱን ገና አልወሰደም። በመጀመሪያው ሳምንት እናቱ ሲደውሉ ኮሪደር መሐል ቆሞ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። “ሽሮው ውሃ ነው! ትኋን ሌሊቱን ሙሉ ሲበላኝ ያድራል! ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው! እስካሁን አንድ ገጽ አላነበብኩም!” ኮሪደሩ ጭጭ አለ። ጥርሱን ሲፍቅ የነበረ አንድ ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ፣ መፋቂያው አፉ ውስጥ ቀረ። “ይሄ ልጅ እናቱን ሊገድል ነው እንዴ?” አልን። ወንበር ስበን አስቀመጥነውና በደንብ መከርነው። “አየህ ወንድሜ፣ ሰው ከቤቱ ሲርቅ ይጎረምሳል። እናቱን አያስጨንቅም።” ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማን።

በሳምንቱ በአውቶቡስ ካርቶን መጣለት። ዙሪያውን በገመድ ተጠፍሯል። ከፈተነው። በዳቦ ቆሎ የተሞላ ጆንያ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ በቅቤ የራሰ ጩኮ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ማር፣ ሚጥሚጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኋን መድኃኒት። ስንመክረው የነበርን ሁላችንም ከበብነው። ውሃ ስለሌለ እጃችንን እንኳ አልታጠብንም። ጂሲው ጩኮውን በማንኪያ እየዛቀ ዝም ብሎ ቆየ። አራተኛ ዓመቱ ነው። “ይሄን ሁሉ ዓመት በነፃ ነው የዋሸሁት ማለት ነው?” አለ በመጨረሻ።

በነጋታው ማታ የኮሪደሩ ግድግዳ ቦታ ጠፋበት። ግማሹ ዶርም እውነት ለመናገር ተሰልፏል። የኔ ተራ ሲደርስ ደወልኩ።

“እማዬ፣ አንድ እውነት ልንገርሽ። ሽሮው ቀጭን ነው።”

“ውይ ልጄ፣ ቀጭን ሽሮ እኮ ለጨጓራ ጥሩ ነው።”

“ትኋንም አለ።”

“ጋቢውን ተከናነብ።”

ከጀርባዋ ሳቅ ተሰማ። ሲኒ ይንኳኳል። አንድ ሰው “ቀስ በሉ፣ አላሰማችሁን አላችሁ” አለ። ቀጥሎ የአባቴ ድምፅ መጣ።

“ምን ሆንኩ ነው የሚለው?”

“ሽሮው ቀጠነብኝ ነው የሚለው።”

“ያንብብ በይው።”