ልጆቹን ከነሚማቸው ተዉአቸው

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ አንድ የወጣቶች ማዕከል ትእዛዝ አወጣ። የቃላት ጨዋታ የሚጫወቱት ልጆች ግድግዳ ላይ የለጠፏቸው ሚሞች፣ ማለትም ሁሉም በሚያውቀው ሥዕል ላይ አዲስ ጽሑፍ እየተጨመረ የሚሠሩ የኢንተርኔት ቀልዶች፣ በሙሉ ይነሱ ተባለ። ምክንያቱ «የፈረንጅ ቀልድ ነው፤ ፊደላችን መቀለጃ አይሆንም» የሚል ነው። ስሰማው ደሜ ፈላ።

ለመሆኑ ምን ተለጠፈ? ከሴት ጓደኛው ጋር እየሄደ ዞሮ ሌላዋን የሚያየውን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ፎቶው እ.ኤ.አ. በ2015 ስፔን ውስጥ ተነሥቶ በ2017 ዓለምን ያዳረሰ ነው። የኛ ሰፈር ልጆች ሰውዬው ላይ «ተጫዋቹ» ብለው ጻፉ። አላፊዋ ላይ የተሳሳተውን «ጸሀይ»፣ የተናደደችው ጓደኛው ላይ ትክክለኛውን «ፀሐይ»። ይህን ያየ ልጅ ጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ ዳግመኛ ያምታታል? በፍጹም! ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ሐመሩን ሐ ከብዙኃኑ ኀ ለመለየት እየተከራከሩ ያመሻሉ። እኛ ትልልቆቹ በየማስታወቂያው እንዳሻን ስናቀያይራቸው አንድም ቀን ትእዛዝ አልወጣብንም። ታዲያ ፊደሉን ያዋረደው ማነው?

«የፈረንጅ ነው» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ያሳፍራል። እንቆቅልሽ ሳይጫወት ያደገ ሰው ነው እንዲህ የሚለው? «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል። መልኩ አይነካም፣ ውስጡ ግን በጠየቀው ሰው ልክ ይቀያየራል። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። አገር የተቀበለው ደግሞ ተሸናፊውን ሰው እስኪስቅበት ድረስ ያበሻቅጠዋል። ማላገጡ የጨዋታው ደንብ ነው። ቅኔ ቤትም ብትሄዱ ያው ነው። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ስንኝ ነው፤ ልኩ የታወቀ ነው። ተማሪው የራሱን ምሥጢር ያገባበታል። ሚምም የሚሠራው እንደዚሁ ነው፤ መልኩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ምሥጢሩ አዲስ ነው። ይህን ከማንም አልተዋስንም።

ፈረንጆቹ ራሳቸው እንኳ ተጫዋቻቸውን አልከለከሉም። ዎርድል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቃል የመገመት ጨዋታ አረንጓዴና ቢጫ ካሬዎች ስልካችሁ ላይ አይታችኋል። ውጤትን በኢሞጂ መላክ የጀመሩት ኒውዚላንድ ያሉ ተጫዋቾች ናቸው። ፈጣሪው ጆሽ ዋርድል ይህን አይቶ እዚያው ጨዋታው ውስጥ አስገባላቸው። ጨዋታው የፈነዳው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው።

አንዱ ሚም ላይ ጸያፍ ቃል ነበረ ይባላል። እሱ ይነሣ፤ ማንም አይከራከርም። ለአንድ ጸያፍ ቃል ተብሎ ግን ግድግዳ ሙሉ ሥራ አይገነጠልም።

እስቲ በዚህ የከተማ ዳርቻ ለወጣት ምን አለ? ፒያሳ ለመድረስ ስንት ታክሲ መቀያየር አለበት። ብሎኩ ሥር ፑል ቤት፣ ጫት ቤት፣ ቤቲንግ ቤት ተደርድሯል። እነዚህ ልጆች ሁሉንም አልፈው ሄደው ስለ ፊደል ይጣላሉ። እነሱን አባርራችሁ ስታበቁ፣ ቤቲንግ ቤቱ ለምን በወጣት ሞላ ብላችሁ ስብሰባ እንዳትጠሩን።