ይድረስ ለክቡር የመስታወት ግድግዳ፣ ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ገመናችንን እንዲመልሱልን ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ላብ በላብ ነን፤ ይስጥልን።

አፓርታማውን ስንከራይ ደላላው «ቪው አለው» ብሎን ነበር። አልዋሸም። ለካ ቪው የተባልነው እኛ ነን።

ቀን ላይስ ይሁን። ሰማያዊው ቀለምዎ ብርሃኑን ስለሚመልስ፣ ውጭ ያለው ሰው የሚያየው ራሱን ነው። ጉዱ ሲመሽ ነው። መብራት ስናበራ ነገሩ ይገለበጣል፤ እኛ የራሳችንን ፊት እናያለን፣ ሰፈሩ ደግሞ እኛን። ባለፈው ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ተነሳን። በማግስቱ ከፊት ለፊቱ ፎቅ ያሉት እማማ ሱቅ በር ላይ አገኙኝና «ምነው ልጄ፣ በረካውን ሳትጠጡ? ደህና ናችሁ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ከባለቤቴ ጋር የተኳረፍነው በመጋረጃ ዋጋ ነበር። ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ከጥግ እስከ ጥግ! ጨርቁ እኮ ለሠርግ ድንኳን ይበቃል። እስክንገዛው ድረስ መብራት ሲጠፋ ሰው ያማርራል፣ እኛ ቤት እልል ነው።

ቡፌውንም የምናስጠጋበት ግድግዳ አጥተን ጀርባውን ለመንገድ ሰጥተነዋል። ከአስፋልቱ ቀና ያለ ሰው የሚያየው ኮምፔንሳቶውን ነው፤ የፋብሪካው ማህተም ሳይቀር ይነበባል። የልጃችን የምረቃ ፎቶ ደግሞ ምስማር የሚቀበል ቦታ አጥቶ መሬት ተቀምጧል።

ሙቀቱስ? የተተከሉት ወደ ምዕራብ ዞረው ነው። የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለምትመጣ ትንሽ ጥላ ይመልሳታል። የአሥር ሰዓቷ ግን ዝቅ ብላ ሰተት ትላለች። ብርሃኗን ያስገባሉ፤ ከሶፋውና ከወለሉ የሚነሳውን ሙቀት ግን አላስወጣም ይላሉ። የሚከፈተው አንገት የማታስወጣ አንዲት መስኮት ብቻ።

ዘመድዎ ደሴም ወጥቷል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፤ በመሃል የሐረጎ ዳገት አለ። እኛ እዚህ እንጠበሳለን፣ እነሱ እዚያ በጦሳ ተራራ ብርድ ይንቀጠቀጣሉ፣ ፎቁ ግን ቁርጥ አንድ ነው! ነጠላ መስታወት ሙቀቱንም ብርዱንም ከብሎኬት ግድግዳ አብልጦ እንደሚያሳልፍ ለመሐንዲስ እኔ ልንገረው? የሾንኬ መንደር አርጎባዎች በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ስንት ዘመን ኖረዋል። ለመጋረጃ ዕቁብ ሲገቡ አልሰማሁም።

መክሰስም አስቤ ነበር። ለንደን ውስጥ ቴት ሞደርን የተባለው ሙዚየም የከፈተው ሰገነት፣ ጎኑ ያሉትን የመስታወት አፓርታማዎች ሳሎን ለጎብኚ አጋለጠ። ነዋሪዎቹ ከሰሱ። የመጀመሪያው ዳኛ መጋረጃ ጋርዱ ዓይነት መልስ ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። ደስ ይላል። እኔ ግን ማንን ልክሰስ? እማማን? ቡና እየጠሩኝ?

ብርሃን ጠልቼ አይደለም። መስኮት ይሁኑ፣ በደስታ። ግድግዳነቱን ግን ለብሎኬት ይተዉለት።

ከሰላምታ ጋር
የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለፊት ለፊቱ ፎቅ ነዋሪዎች (ስጽፍ ስላነበባችሁት አልተላከም)